ሚያዝያ 27 በጎንደር



ባለፈው ዓመት በድል በዓል ዕለት፥ በጎንደር ከተማ በምትገኝ አንዲት ቁምስናችን መሥዋዕተ ቅዳሴ እየተፈጸመ ሳለ የምእመናን ጸሎት የሚቀርብበት ጊዜ ደረሰ። ለንባቡ የተመደበው በቁምስናዋ በካቴኪስትነት የሚያገለግል አንድ ወጣት መምህር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልመናዎች በጥሩ ድምፅ አነበበ። ሦስተኛው ለአገራችን ስለ ተሰጣት ነፃነትና ሰላም እግዚአብሔርን የሚያመሰግን ነበር። እዚያ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጠፈው፤ ለመስቀሉም ሰግዶ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ቀዳሹ ካህን ጥቂት ከጠበቁት በኋላ ልመናውን ራሳቸው ፈጸሙት።

በዚያ ከነበርነው መካከል የተቆጣን ነበርን፤ መደበቅ አያስፈልግም። የእግዚአብሔር ቤት የብሶት መግለጫ አይደለም ብለን አሰብን። ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ውስጥ ጠርተን ምክንያቱን ስንጠይቀው፥ «አባቶቼ፥ በእግዚአብሔር ፊት ቆሜ ሰላም አለን ማለት አቃተኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆየ። የእኅቴ ልጅ መንገድ ላይ ታግቶ፥ ቤተሰቡ ያስለቀቀው በሬዎቹን ሸጦ ነው። ውሸት የምናገር መሰለኝ» አለን። ለዚህ ቃል የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም።

መልሱ የመጣው በአጠገባችን ቆመው ይሰሙ ከነበሩ በዕድሜ ከገፉ አንዲት እናት ነው። «ልጄ፥» አሉት፥ «ሚያዝያ 27 ድሮም ቢሆን የጎንደር ቀን አልነበረም እኮ። አባቴ ያን ዕለት ወልቅፊት ሥር ነበሩ፤ ጠላት ከላያቸው ተቀምጦ። እኛ የተፈታነው በኅዳር ነው።»

«ታዲያ እማማ፥ የአንቱ አባት ምን አደረጉ?» አላቸው።

«ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ የሚለው ወሬ የደረሳቸው ከቀናት በኋላ ነው። ሲሰሙ አለቀሱ አሉ፤ ደስም ብሏቸው፥ ከፍቷቸውም። ከዚያ መሬት ላይ ወድቀው ሰገዱና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።»

እኚህ እናት ይህን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኛ ግን ንግግራቸውን ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን፤ ዘመኑንም ቆጥረን ተመለከትነው። ነገሩ እንዳሉት ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ጎንደርን የያዘው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህም ማርሻል ባዶልዮ አዲስ አበባ ከገባበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሠላሳ አራት ቀን ቀድሞ ነው። በአምስተኛው ዓመት፥ በዚያችው ዕለት፥ ማለትም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻ ከተማቸው ገቡ። የድል በዓላችን የሚከበረው ይህንኑ ቀን ይዞ ነው። ሆኖም በዚያን ዕለት ጎንደርን ጄኔራል ናሲ ከነሠራዊቱ እንደ ያዛት ነበር። አምባላጌ የወደቀው ግንቦት 11 ነው፤ ጅማ በሰኔ ተያዘች። ክረምቱ ገባ፥ ክረምቱም ወጣ። ከደባርቅ በላይ ያለው የወልቅፊት ምሽግ እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ሰሞን ነው። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቁልቋል በር በብርቱ ውጊያ የወደቀው ኅዳር 12፥ በሚካኤል ዕለት ነው። ጎንደር ራሷ ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኢጣሊያ በምሥራቅ አፍሪካ ይዛው የነበረው የመጨረሻው ታላቅ ምሽግ ይህችው ከተማ ነበረች። በታሪክ «አምስቱ የመከራ ዓመታት» የሚባለው ዘመን ለጎንደር ሰው አምስት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ነበር ማለት ነው።

ከሚያዝያ 27 እስከ ኅዳር 18 ያለውን ብንቆጥር 206 ቀናት እናገኛለን። መላው አገር ስለ ነፃነቱ ደወል ሲደውል ጎንደር ገና በምርኮ ላይ የነበረችባቸው ቀናት ናቸው። ዛሬም ከተማችን በየዓመቱ የምታከብረው በራሷ ነፃነት ቀን ሳይሆን በሌላው ነፃነት ቀን ነው። ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት በዓሉን ስናከብር አልታየንም ነበር፤ ያሳዩን እኚያ እናት ናቸው።

ለዚህች ከተማ ነፃነት የደሙት እነማን እንደ ነበሩ ማሰብም ተገቢ ነው። በአርማጭሆና በአካባቢው የተዋጉትን አሞራው ውብነህን የመሰሉ አርበኞች ስማቸው በሕዝባችን አፍ ላይ አለ። ስማቸው ያልተጻፈው፥ ስንቅ በጀርባቸው ተሸክመው ዳገት የወጡት ሴቶችና መንገድ ያሳዩት እረኞች ግን ከእነርሱ ይበዛሉ። ደግሞም በብሪታንያ ጦር ሥር ተሰልፈው ከኬንያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የመጡ ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሌላውን ሕዝብ ነፃ ሊያወጡ ሲዋጉ የገዛ አገራቸው በቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ኬንያ ነፃነቷን ያገኘችው ከዚያ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1956 ዓ.ም. ነው። የራሱን ነፃነት ሳያይ ለሌላው ነፃነት የሞተውን ሰው የምናመሰግነው የዛሬው ኑሮአችን ስለ ተመቸን አይደለም። ኑሮአችን ቢመችም ባይመችም ባለዕዳዎቹ ነን።

የዕብራውያን መልእክት በ11ኛው ምዕራፍ የአባቶችን እምነት ከቈጠረ በኋላ የሚያስደንቅ ነገር ይጨምራል። ሁሉም የተስፋውን ቃል ፍጻሜ ሳያገኙ ሞቱ፤ ነገር ግን ከሩቅ አይተው ተሳለሙት ይላል። በወልቅፊት ሥር የሰገዱት አርበኛም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ125ኛው መዝሙረ ዳዊት (በሌላው አቈጣጠር 126ኛው) ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ እናገኘዋለን። መዝሙሩ ሲጀምር ምርኮ ተመልሷል፤ ሕዝቡ ሕልም የሚያይ መስሎታል፥ አፉም በሳቅ ተሞልቷል። መካከሉ ላይ ሲደርስ ግን ያው ሕዝብ እግዚአብሔር ምርኮውን እንዲመልስለት ይለምናል። ታዲያ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም? ጥንታዊው ዘማሪ በዚህ ጥያቄ አልተጨነቀም። የተደረገለትንም ያውቃል፥ የቀረውንም ያውቃል፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ወጣቱ መምህራችን ይነበብለት ዘንድ የተሰጠው ወረቀት ግን የመዝሙሩን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ የያዘ ነበር። ጥፋቱ ወረቀቱን ያዘጋጀነው የእኛ ነው።

ያው መዝሙር የሚደመደመው ዘሩን ተሸክሞ እያለቀሰ በሚሄድ ገበሬ ነው። የከተማ ሰው ይህን ሲያነብ ገበሬው ስለ ምን እንደሚያለቅስ አይገባው ይሆናል። የጃናሞራና የበየዳ ገበሬ ግን ማብራሪያ አያሻውም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ደጋ ዝናብ በታጣበት ጊዜ፥ በጎታው የቀረችው ጥቂት ገብስ ለልጆች ራት ትሁን ወይስ ለሚመጣው ክረምት ዘር ትሁን ብሎ ያላነባ አባወራ ጥቂት ነው። ዘር ማለት ከልጅ አፍ የተነጠቀ እህል ነው፤ ስለዚህ በእንባ ይዘራል። ያ ገበሬ መሬቱን የሚያርሰው ዝናቡ እንደሚመጣ ማረጋገጫ ስላገኘ አይደለም።

ብሶታችንን በሚመለከት ግልጽ መሆን አለብን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና የተገደሉትን ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸውን ያለቀሰው ሕዝብ እንባው ሳይደርቅ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ሌላ ጦርነት ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. ዘመኑ ቢያበቃም ጥይቱ ከዐዋጁ ጋር አላበቃም። በገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከመተማና ከደባርቅ መንገድ የሚጓዝ ሰው በሰላም መድረሱን ሳያረጋግጥ ቤተሰቡ እንቅልፍ አልነበረውም፤ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ እንደ ንግድ ተቈጠረ። ይህን ስንጽፍ አንዱን ወገን ከስሰን ሌላውን ነፃ ለማውጣት አይደለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ማን ምን እንዳደረገበት ያውቃል፤ እግዚአብሔርም ያውቃል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንለይ። የ1933ቱ ጦርነት ከባሕር ማዶ በመጣ ወራሪ ላይ የተደረገ ነበር። የዛሬው በአንድ ማሳ ያደጉ፥ በአንድ ታቦት ስም የሚማማሉ ወንድማማቾች የሚጋደሉበት ነው። ስለዚህ የአርበኞችን ስም ጠርቶ ወንድሙን የሚገድል ሁሉ፥ በየትኛውም ጎራ ይሁን፥ ያን ስም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የወሰደ ነው።

በዓሉ ራሱ ከዚህ ዓይነት ፈተና አልዳነም። በደርግ ዘመን የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ተነሥቶ አዲስ አበባ ከኢጣሊያ ጦር ወደ ተለቀቀችበት ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም ከቀኑ እንዲፋቅ ተፈልጎ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ቀድሞ ቀኑ ተመለሰ። በየዘመኑ የሚመጡ ሹማምንት በየአደባባዩ ቆመው አርበኞቹ ለእነርሱ የመሰከሩ ያህል ሲናገሩ ሰምተናል። ምእመናን በዓሉ እየመጣ ሲሄድ ልባቸው የሚቀዘቅዘው አንዱም ስለዚህ ይመስለናል። ሰው የሚያመሰግነው ለመቃብሩ ይሁን ለመድረኩ ግራ ይገባዋል።

የመንግሥት ነገር እንዲህ ከሆነ የቤተ ክርስቲያናችን ነገርስ? እኛ ካቶሊካውያን በዚህ ቀን ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ ብንቀስር እውነትን አናደርግም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ለወረራ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ኢፍትሐዊ መሆኑን ተናግረው ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ድምፃቸው ሊሰማ በሚገባው መጠን አልተሰማም። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ቆመው ዘመቻውን መስቀልን ወደ ኢትዮጵያ እንደሚወስድ ሥራ አድርገው አወደሱት። መስቀሉ ግን በዚህች ምድር ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ኖሮ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ፥ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የተፈጁት መነኰሳት፥ መስቀል በአንገታቸው ነበረ። በዚያው በ1929 ዓ.ም. በጎንደር የካቶሊክ ሐዋርያዊ አስተዳደር ተቋቁሞ ነበር። የመጡት ሚስዮናውያን ብዙዎቹ ቅን ሰዎች እንደ ነበሩ እናምናለን፤ ሆኖም የመጡበት መንገድ የወራሪው ታንክ የሄደበት መንገድ ነበር። የድል በዓልን ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጎን ቆመን ስናከብር ራሳችንን ዝቅ አድርገን የምንቆመው በዚህ ምክንያት ነው። እነርሱም ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ሳያነሡብን ቡናቸውን አብረውን ይጠጣሉ። ይህም ከምናመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 ንግግራቸው ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ በተማረኩት ኢጣሊያውያን ላይ በቀል እንዳይፈጽም አዘዙ። ብዙ ኢጣሊያውያን በአገራችን ቀርተው በእጅ ሙያቸው ኖሩ። በጎንደርም ወራሪው የሠራው ፒያሳ ዛሬ ፖስታ የምንልክበት፥ ከወዳጅ ጋር ቀጠሮ የምንይዝበት ቦታ ነው፤ ከደባርቅ ቊልቊል በሊማሊሞ ያለው የዚያ ዘመን መንገድም ለብዙ ዓመታት እህል ሲመላለስበት ኖሯል። ስለ ድንጋዩ ወራሪውን አናመሰግንም። ሕዝባችን ግን ለክፋት የተነጠፈውን ድንጋይ ለበጎ ተጠቀመበት፤ ያንን ልብ የሰጠውን አምላክ እናመሰግናለን።

አንድ ሰው «በዓል ነውና አመስግኑ» ሲለን የሚሰማን መከፋት ከየት እንደሚመጣ መለየት ይጠቅማል። በአማርኛችን ማመስገንና ማሞገስ የተለያዩ ናቸው። ሹም ይሞገሳል፤ እግዚአብሔር ይመሰገናል። የሞገሰ ሰው የሹሙን ጉድለት መናገር አይችልም፥ ሙገሳው ይፈርስበታልና። የሚያመሰግን ሰው ግን አፉ አልታሰረም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ለአገር ያለንን ፍቅርና አገልግሎት ያስቀመጠው አባትንና እናትን ስለ ማክበር በሚናገረው በአራተኛው ትእዛዝ ሥር ነው፤ ይህ ፍቅር የሚመነጨውም ከምስጋና ግዴታ እንደ ሆነ ያስተምራል (ቁ. 2239)። ከዚያ አንድ አንቀጽ ከፍ ብሎ ደግሞ ዜጎች የሰውን ክብርና የኅብረተሰቡን ጥቅም የሚጎዳ መስሎ የታያቸውን ነገር በትክክል የመንቀፍ መብት፥ አንዳንዴም ግዴታ እንዳላቸው ይገልጻል (ቁ. 2238)። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ካቴኪስቶች ልብ እንድትሉ እንወዳለን። እናቱን የሚያከብር ልጅ እናቱ ስትታመም ደኅና ናት እያለ አይዋሽም፤ ሐኪም ይጠራል።

ጎንደሬዎች በዚህ ረገድ ከማንም መማር የለብንም። ዓፄ ቴዎድሮስን የምንወድ ሕዝብ ነን፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው ያቃጠሉትም እርሳቸው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ስለ ካቶሊክ እምነቱ በሰንሰለት ታስሮ የተንገላታው፥ በ1847 ዓ.ም. በእስር የሞተው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ የእኛ ሰማዕት ነው። ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዘን እንኖራለን። ስለ አንዱ ስንል ሌላውን ከታሪክ አንፍቅም።

የድል በዓል ብዙውን ጊዜ የሚውለው በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የኤማሁስን ወንጌል (ሉቃ. 24፥13-35) በዚህ ቀን ብናስብ መልካም ነው። እነዚያ ሁለት መንገደኞች በፖለቲካ ያዘኑ ሰዎች ነበሩ። እስራኤልን ነፃ ያወጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ አሁን ተስፋቸውን በኃላፊ ጊዜ ይናገራሉ። ጌታችን አጠገባቸው ሲደርስ አስቀድሞ ያደረገው ምን እየተነጋገሩ እንደሚሄዱ መጠየቅ ነው። እያወቀ ጠየቀ። ብሶታቸውን እስከ መጨረሻው አስጨረሳቸው፤ ተግሣጹና የመጻሕፍት ትርጓሜው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ለወጣቱ መምህር ያደረግነው በተቃራኒው ነበር፤ መገሠጽ ጀመርንና ኋላ ጠየቅነው። በየሰበካው ያላችሁ አገልጋዮች የእኛን ስሕተት እንዳትደግሙት አደራ እንላለን። በዚህ ዘመን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሰው ሁሉ የሆነ መንገድ ላይ የደረሰበትን ይዞ ነው የሚመጣው።

መንገደኞቹ ጌታን ያወቁት እንጀራውን ባርኮ ሲቈርስ ነው። በሥርዓታችን አኰቴተ ቁርባን የምንለው ጸሎት ስሙን ያገኘው ከምስጋና ነው፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነውና። ይህ ምስጋና መቼ እንደ ቀረበ ቅዱስ ጳውሎስ ይነግረናል፤ ጌታችን አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ነው (1ቆሮ. 11፥23-24)። አገሩ በሮማውያን እጅ ናት። ሹማምንቱ ሞቱን መክረው ጨርሰዋል። የሚሸጠው ሰው በማዕዱ ተቀምጧል። ነገ ዓርብ ነው። በዚያች ሌሊት እንጀራ አንሥቶ አመሰገነ። ሁሉ ነገር ደኅና ነው አላለም፤ ይልቁንም ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል ብሎ በዚያው ማዕድ ላይ ተናገረ። ምስጋናውም ክሱም በአንድ ማዕድ፥ በአንድ አፍ ተነገሩ። በየእሑዱ የምንቀድሰው ቅዳሴ የዚያች ሌሊት ምስጋና ነው እንጂ የተመቸው ሰው ምስጋና አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ለሚመጣው የድል በዓል ጥቂት ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። የምእመናንን ጸሎት የምታዘጋጁ ካቴኪስቶች የመንግሥት መግለጫ የሚመስል ልመና አትጻፉ፤ የተቃውሞ መፈክር የሚመስልም አትጻፉ። በቁምስናችሁ የሚያውቁ አረጋውያን ካሉ ጠይቃችሁ የሰፈራችሁን አርበኞች ስም ሰብስቡና በስም ጥሩአቸው። የተዘጋውን ትምህርት ቤት በስሙ ጥሩ። የታገተ ሰው ያለበት ቤተሰብ ካለ ስሙን መጥራት አደጋ ሊያመጣበት ይችላልና ያን በልባችሁ ያዙት። ልጆች በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ድል ማለት ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁአችሁ በጦር ሜዳው ላይ ብቻ አትቁሙ፤ የምሕረቱን ትእዛዝም ንገሩአቸው። ያለነው በጎንደር ነውና የ206ቱን ቀናት ነገርም አትርሱ። በዓሉ የሚውልበት 27 በየወሩ የመድኃኔ ዓለም መታሰቢያ ቀን ነው፤ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር በየወሩ በ27 ቤተሰቦች ተሰብስበው ስለ ክልላችን ሰላም መቁጠሪያ ቢደግሙ ያን የጥበቃ ዘመን በጸሎት ይዘነዋል ማለት ነው። ኅዳር 27 ከነፃነቱ ቀን በኋላ ይውላልና የመጨረሻውን በኅዳር 18 አድርጉት።

በዚያች ቁምስና ያለፈውን ኅዳር 18 እንዲሁ አድርገን አሳለፍነው። ሰው ብዙ አልነበረም። ልመናውን እንዲጽፍ የለመንነው ያንኑ ወጣት መምህር ነው፤ መጀመሪያ እንቢ አለ፥ ኋላ በሁለት ቀን ጽፎ አመጣው። በዋዜማው በዚያው ግቢ ውስጥ ለእኚያ እናት አነበበላቸው። ነፃነታችንን ሳያዩ ስለ ሞቱልን እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ሰላምን ገና እንዳላገኘን ሳይደብቅ ይነግረዋል፤ ትምህርት ቤቱን በስሙ ይጠራል፤ በእጃቸው መሣሪያ ስላለ ሁሉ፥ በዚህም በዚያም ወገን፥ ይለምናል። እናታችን ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲጨርስ፥

«መልካም ነው ልጄ፤» አሉት። «እነዚያን የሩቅ አገር ልጆች ግን ረሳሃቸው። ኬንያዎቹን።»

እርሱም ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጨመራቸው።